የሃምሳዎቹ አቤቱታ

ታላቅ በደል ታላቅ ተበዳይ ይሻልና፣ የአሜሪካ የሃምሳዎቹ ልጆች ሆሊስ ፋርንሃምን አገኙ። በደሉም ይህ ነው፦ በፈረንጅ አቆጣጠር በአሥራ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ ከተወለዱት አራቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ ከስልሳዎቹም አንድ ተገኝቷል። ከሃምሳዎቹ ግን ለምልክት እንኳ የለም! ሆሊስ በሃምሳ አራት የተወለደ ነውና ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶታል።

«እነዚህ የአርባዎቹ ሽማግሌዎች ወንበር ላይ ተጣብቀው ዕድሜያችንን ጨረሱት!» ይላል።

ይህን የሚለው በቬርሞንት በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የከተማው አስተዳደር ቦርድ ሊቀ መንበር ወንበር ላይ ተደላድሎ ነው። ከተቀመጠበት ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ለሕዝብ ብሎ እንጂ መቀመጥስ ወገብ ያማል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት ደግሞ እዚያ አገር ገና አልደረሰም።

ልጁ ዳርሲ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው።

«አባዬ፣ ዘንድሮስ ለወንበሩ እኔ ልወዳደር?»

«ውይ የኔ ልጅ! ገና ልጅ ነሽ እኮ። አይዞሽ፣ ተራሽ ይደርሳል።»

«አምናም ካቻምናም እንዲህ ብለኸኛል።»

«አየሽ? አባትሽ ቃሉን አያጥፍም።»

በማርች የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ እንደ ወትሮው፣ ከተማው በሙሉ ጭቃውን እየጎተተ ለዓመታዊው የነዋሪዎች ጉባኤ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰበ። በዚህ ቀን የመንገድ ጥገና በጀት ይጸድቃል፣ ሁሉም ከቤቱ ያመጣው ቦሎቄ ይበላል፣ ለዋሽንግተንም ጥብቅ የአቋም መግለጫ ይተላለፋል። ዋሽንግተን እስከ ዛሬ መልስ ሰጥታ አታውቅም፤ በጥሞና እያሰበችበት መሆን አለበት።

ሆሊስ የዘንድሮውን መግለጫ ሊያቀርብ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃያ ዓመት ሥልጣን ላይ የቆየ ሁሉ ለሚቀጥለው ትውልድ ይልቀቅ! ወንበር ርስት አይደለም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሆሊስ በገዛ ንግግሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ዳርሲ እጇን አወጣች። «ግሩም ሐሳብ ነው። አንዲት ማሻሻያ ብቻ ትጨመር፤ ‹ከዛሬ ጀምሮ፣ በዚህችም ከተማ›።»

«የምትደግፉ?» አለች ጉባኤውን የምትመራው የዕለቱ ሰብሳቢ።

«እንደግፋለን!» አለ ሕዝቡ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የሆሊስ ድምፅ ነበር፤ ከ«ግሩም» በኋላ ያለውን አላዳመጠም።

«እንግዲያው የቦርዱ ወንበር ባዶ ነው። እጩ ጠቁሙ።»

«ቆይ ቆይ! ይሄ እኮ ለዋሽንግተን ነው!»

«ግድ የለም፣ እኛ እናስጀምራት» አለ አንዱ ከኋላ፣ ቦሎቄውን እያኘከ።

ዳርሲ በሙሉ ድምፅ ተመረጠች። ሆሊስ ከመድረኩ ወረደና የሚቀመጥበት አጣ። ከፊት አግዳሚው ላይ ኤልዊን ታትል፣ የአርባዎቹ ልጅ፣ የሰማንያ ስድስት ዓመት አዛውንት፣ ጠጋ አለለት። ትከሻውንም መታ መታ አደረገው።

«ና ተቀመጥ። ምን ያስከፋሃል? ገና ልጅ ነህ እኮ፤ አይዞህ፣ ተራህ ይደርሳል።»