ለቆሽቴ የተቀመጡ ሽማግሎች

ሐበሻ ሽማግሌ የማይሰበስብበት ጠብ የለም! ባልና ሚስት ተጣሉ፣ ሽማግሌ። ጎረቤት በመኪና ማቆሚያ ተጣላ፣ ሽማግሌ። ባለፈው አርብ ደግሞ እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ፣ አጋሚም ሰፈር ካለው ቤቴ ሳሎን፣ ሽማግሎች ለቆሽቴ ተቀመጡ... አትሳቁ! የናንተ ቆሽት ሰላም ስለሆነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኳር በሽታ ያዘኝ። ጣፋጭ ስላበዛሁ እንዳይመስላችሁ፤ ሻይ እንኳ ባዶውን ነው የምጠጣው። ከበሽታ ሊጠብቁኝ የተቀጠሩት የሰውነቴ ዘበኞች፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ቆሽቴ ላይ ዘመቱ። ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሕዋሳት እንደ ጠላት ቆጥረው ፈጇቸው። ጉንፋን ሲመጣ ግን በር ከፍተው ያስገባሉ! የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እነሱ ናቸው።

እናም ከምግብ በፊት ሆዴ ላይ ኢንሱሊን መወጋት አለብኝ። ችግሩ... አፈርኩ። እኛ ዘንድ ሕመም ይደበቃል እንጂ ገበታ ላይ አይወጣም። ሰው በተሰበሰበበት መርፌውን ትቼ ዝም ብዬ እበላለሁ። በአንድ ዘመድ ሰርግ፣ ከሰርጉ እስከ መልሱ እንዲህ ስል ከርሜ፣ ስኳሬ ንሮ እያስመለሰኝ ሆስፒታል ገባሁ።

አባቴ ከሚኖሩበት ከግቫት ጺዮን ሰፈር እየተጣደፉ መጡ። አባባ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ዶክተሯ በዕብራይስጥ ስታስረዳ እኔ ተረጎምኩላቸው።

"የገዛ ዘበኞቿ ናቸው የሚያጠቋት? ታዲያ ይሄ የቤተሰብ ጠብ ነዋ! መርፌ ምን ያደርጋል? እርቅ ነው እንጂ!"

"አባባ፣ ዜ ሎ ኦቬድ ካኻ፣ እንዲህ አይሆንም!"

"አንቺ ዝም በይ። ባለጉዳይ ነሽ።"

ከሆስፒታል ወጥቼ፣ አርብ ረፋዱ ላይ አባባ ሁለት ሽማግሎች አስከትለው ቤቴ ከተፍ አሉ። ፈራሁ። "ታርቀዋል፣ መርፌው ይቅር" ቢሉኝስ? አባባን እምቢ ብዬ አላውቅም።

አንጋፋው ጋሼ ታደለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለመሆኑ ቆሽት ምን በደለ?"

"ምንም።"

"ዘበኞቹ ሽማግሌ ልከውበት ነበር?"

"አልላኩም ጋሼ። እኔ ራሴ የሰማሁት ውሃ ጥሙ ሲያንገበግበኝ ነው። ያኔ አብዛኞቹ አልቀዋል።"

"ወይ ጉድ! አሁን ቢታረቁ የሞቱት ይነሳሉ?"

"አይነሱም። የቀሩትንም አይምሩም።"

ሽማግሎቹ ሊመክሩ በረንዳ ወጡ። ሲመለሱ ጋሼ ታደለ ቆመው ፈረዱ።

"እርቅ የለም! እርቅ ገዳይ ሲጸጸት ነው፤ እነዚህ አልተጸጸቱም። ቆሽት ግን ለቤቱ ቀለብ ሰፋሪ ነበር። ቀለቡ እንዳይቋረጥ ልጅቱ በመርፌ ትስጥ። ሰው ፊትም ቢሆን! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

አባባ አቀረቀሩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ለካ ሽማግሌ የሰበሰቡት መርፌ ልጃቸው ላይ ሲሰካ ማየት አቅቷቸው ነው።

"ፍርዱን ለመፈጸሟ ዋስ ማነው?" አሉ ጋሼ ታደለ። በደንባችን ያለ ዋስ ፍርድ አይጸናም።

"እኔ!" አሉ አባባ።

ምሳ ቀረበ። መርፌዬን ይዤ ወደ መኝታ ቤት ሹልክ ልል ስል አባባ፣ "ወዴት? እዚሁ!" አሉኝ። ሸሚዜን ገለጥ አድርጌ ወጋሁ። ሦስቱም ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙረው በጽሞና ተመለከቱ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምግብ በደረሰ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። "ዋስሽ ነኝ። ወጋሽ?" ትናንት ከአሽቀሎን ባቡር ጣቢያ ተሳፍሬ፣ ወግቼ ገና ምሳዬን ስፈታ ደወሉ። ጆሯቸው ደከም ስላለ፣ "ወጋሁ አባባ! ሆዴ ላይ! ኢንሱሊን!" ብዬ ጮኽኩ። ፉርጎው በሙሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ...

ፊት ለፊቴ የተቀመጡ የማላውቃቸው ሐበሻ እማማ ዘንቢላቸውን ፈትተው ከዳቧቸው ቆረሱልኝ።

"ተመስገን፣ ከወጋሽማ... በይ እንግዲህ ብዪ!"