ከስልክ ላይ የሚሞቅ ቤት

ቤትን ከሩቅ የሚያስተዳድር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጀማል ይባላል፤ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ያለ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ኢንጂነር ነው። የትኛው ክፍል መብራት እንዳልጠፋ፣ የትኛው ፎቅ ሰው ሳይኖርበት እንደሚሞቅ ስልኩ ላይ ያያል። የዓለምን አየር ከጭስ የሚጠብቀው እሱ ብቻ ይመስለዋል። ይሁን፣ ሥራውስ ደግ ነው።

እናቱ እትዬ ዘይነባ ከዚያ ብዙም በማይርቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቴ ናቸው። ድሮ የቤት ማሞቂያ ሂተራቸው ያስቸግር ስለነበር ጀማል በየቅዳሜው እየመጣ ያስተካክል፣ ምሳም አብሯቸው ይበላ ነበር። ኋላ ግን ቴርሞስታት የሚሉት በስልክ የሚታዘዝ የሙቀት መቆጣጠሪያ ገጠመላቸው። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሙቀት ጎድሎ አያውቅም፤ የጎደለው ጀማል ነው። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰሃን ማቅረባቸውን አልተዉም።

አንድ የክረምት ቅዳሜ አንኳኩቼ ስገባ ቤቱ በረዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ሂተሩ እስከ መጨረሻው ተለቋል፤ መስኮቶቹም ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል። እትዬ ዘይነባ ካፖርት ደርበው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ ምን ሆኑ?" አልኩ ደንግጬ።

"ዝም በል፣ ልጄን እየጠራሁት ነው።"

ብዙም ሳይቆይ ጀማል እያለከለከ ገባ። "እማዬ፣ ስልኬ እኮ በአላርም ሊፈነዳ ነው! ሙቀቱ ሁሉ ወደ ውጭ እየፈሰሰ! ለምን ኮል አላደረግሽኝም?"

"ኮል ሳደርግህማ 'ቆይ፣ ከዚሁ ሆኜ አስተካክለዋለሁ' ነው የምትለኝ። እስቲ መስኮቱን ከዚያ ሆነህ ዝጋው!"

ጀማል መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ ከእናቱ ጎን ተቀመጠና የቀዘቀዙ እጆቻቸውን ይዞ ያሻሻቸው ጀመር።