ቤት አፍራሹ አቶ ኩራሞቺ

«በቃ» የሚባል ቃል ጆሮው የማይገባ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት አይገኝም። እንግዳ ከጋበዘ እስኪያመው ያበላል፣ ብሎን ካጠበቀ እስኪሰበር ያጠብቃል። የእኛው ክቡር አቶ ኩራሞቺ ናቸው።

ሥራችን ኮቤ ከተማ አጠገብ ባለ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሙሉ ቤት ሠርተን በትልቅ የብረት መድረክ ላይ ማቆምና መድረኩን እንደ መሬት መንቀጥቀጥ መናጥ ነው። አቶ ኩራሞቺ ቤቱ ባዶውን እንዲናወጥ አይፈቅዱም። ቁም ሣጥን ያስገባሉ፣ ሳህን ይደረድራሉ፣ ሩዝ መቀቀያ ያስቀምጣሉ። አንዴ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ሲዘረጉ ደርሼ «ደግሞ ማን ሊያነበው ነው?» ብላቸው፣ «ሰው የሚኖርበት ቤት እንዲህ ነው» ብለው ዘጉኝ።

ታዲያ ሙከራው አልቆ ሁሉም ራስ ቁሩን ሲያወልቅ እሳቸው ጉሮሯቸውን ይጠራርጉና «ትንሽ እንጨምርበት» ይላሉ። አንድ የድልድይ ምሰሶ ሲያስፈትኑ የመድረኩ የዘይት ፓምፕ ደክሞት ቆመ። እሳቸው አልደከማቸውም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሚኔጊሺ የምትባል መሐንዲስ ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት አመጣች። ምሰሶውን ከወራጁ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ የራሷ ፈጠራ ነው። ካለፈላት ኩባንያዋ በዚያው ዓመት በዚህ ማሰሪያ ቤቶች መሥራት ሊጀምር ነው። ቤቱ በሕግ የተወሰነውን ነውጥ ያለ እንከን አለፈ። አለቆቿ አጨበጨቡ።

«ትንሽ እንጨምርበት» አሉ አቶ ኩራሞቺ።

«አልፏል እኮ! ምነው አለቆቼ ፊት ባያዋርዱኝ?»

«እንደሚቆም አውቀናል። በየት በኩል እንደሚሰበር ግን አላወቅንም።»

ተጨመረበት። የማዕዘኑ ምሰሶ ከማሰሪያው ተነቀለና ፎቁ ምድር ቤቱ ላይ ተቀመጠበት፤ ሳህኑም ሩዝ መቀቀያውም እዚያው ቀሩ። ከአለቆቹ አንዱ ካፖርቱን ለበሰ። ሚኔጊሺ ሰው ፊት አለቀሰች።

«አሁን ደስ አለዎት?»

«አዎ» አሉ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ። «እዚህ ይውደቅ፣ ልጄ። እዚህ ውስጥ የተኛ ሰው የለም።»

የኩባንያው ዕቅድ በአንድ ዓመት ተገፋ፤ ሚኔጊሺም እየተራገመች ማሰሪያውን እንደገና ሠራችው። እኛም ሻይ ላይ ሰውዬውን ስናማ ከረምን።

ዘንድሮ እኔና ባለቤቴ በዚያ ማሰሪያ የተሠራ ቤት ገባን። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ምድር ተናወጠች። መብራቱ ተወዛወዘ፣ ሾርባው ፈሰሰ፣ ባለቤቴ ጠረጴዛ ሥር ገብታ እግሬን ትጎትታለች።

«ግባ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?»

እኔ ግን ወራጁን ቀና ብዬ እያየሁ እኒያን ነገረኛ ሰው ወደድኳቸው።

«አይዞሽ» አልኳት፣ «ይህን ቤት አቶ ኩራሞቺ አንዴ አፍርሰውታል።»