እማማ ፔርፔቱ እና ጠፍጣፋ ጀርባዎቹ

በየሰፈሩ ስለ ሌላው ሁሉ የሚፈራ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ እንቅልፋችንን የምንለጥጠው እሱ ስለሚፈራልን ነው። ከቦቦ ዲዩላሶ ከተማ ወጣ ባለችው በእኛ መንደር ይህንን ከባድ ሹመት የያዙት ጎረቤቴ ክብርት እማማ ፔርፔቱ ሚሎጎ ናቸው።

እማማ ፔርፔቱ ድልድይ ይፈራሉ፣ የቆርቆሮ ወተት ይፈራሉ፣ አዲስ ብስክሌት ይፈራሉ። የልጅ ልጃቸውን ሊያገባ የመጣውን ጎረምሳ እንኳ ከእግር እስከ ራሱ ቃኝተው፣ "ከላይማ ሁሉም ያምራል፤ እስቲ ገልብጣችሁ እዩት!" አሉ። ምስኪኑ ሸሚዙን ይግለጥ አይግለጥ ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ።

ዋናው ፍርሃታቸው ግን ሺ እግር ነው። ዝናብ ሲገባ ከረገፈ ቅጠል ስር እንለቅመዋለን፣ በአመድ ውሃ እንቀቅለዋለን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን የቲማቲም ወጥ ውስጥ እንጨምረዋለን። ፊቱን የሚያጨማድድ አንባቢ ካለ ድርሻውን ለእኔ ይተውልኝ። ታዲያ ከሺ እግር ዘር ሁሉ የሚበላው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው፣ ሌላው መርዝ ነው፤ እማማ ፔርፔቱ ደግሞ የዚያን ቤተሰብ ዘር ከራሳቸው ዘር አስበልጠው ያውቁታል።

"ጀርባው ጠፍጣፋ ነው፤ ጎንና ጎኑ እንደ ጣራ ክፈፍ ወጣ ወጣ ይላል። የገላው ቀለበት ሃያ። አንገቱ ላይ እግር የለውም፣ የሚቀጥሉት ሦስቱ አንድ አንድ ጥንድ አላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ሁለት ሁለት ነው። ዓይን የሚባል አልፈጠረበትም። የወንዱ ሰባተኛ ቀለበት ላይ የፊተኛው ጥንድ እግር ለሌላ ሥራ ተቀይሯል፤ ለምን እንደሆነ ያገባ ሰው ያውቃል! ክብ ጀርባው ግን ዘመዱ አይደለም። ጣትህን ቢጫ ያደረገ አንጀትህን ምን ያደርገዋል? ገልብጠህ እየው!"

እንስቃለን። ግን ፊት ለፊታቸው አንስቅም። ታናሽ እህታቸው ቬሮኒክ በልጅነቷ በችኮላ ከተለቀመ ድስት በልታ በዚያው ቀርታለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

ዘንድሮ እኔም መፍራት ጀመርኩ። የእማማ ፔርፔቱን ዓይን ሞራ ጋረደው። ባለፈው ሳምንት ፍየሌን በእኔ ስም ጠርተው ስለ ሚስቴ ጤና ጠየቋት። ያም ሆኖ የመንደሩ የሺ እግር ቅርጫት ሁሉ የሚያልፈው በእሳቸው እጅ ነው፤ "ይበቃዎታል" የሚል ደፋር ደግሞ አልተወለደም። ሚስቴ ኖኤሊ ነፍሰ ጡር ናት። የሚያምራት የሺ እግር ወጥ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ያስመልሳታል።

እማማ ፔርፔቱ ቅርጫታችንን ዳሰሱ፣ አሸተቱ፣ "ንጹሕ ነው" ብለው ሰጡኝ። ጓሮ ገብቼ እንደ ሌባ ተደብቄ አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ከመሃል አንድ ክብ ጀርባ አገኘሁ። ኖኤሊ ያንን ብትበላስ? አጥሩን አሻግሬ ወረወርኩት። ክብራቸውን መንካት አልሆነልኝምና ለማንም ሳልናገር ድስቱን ጣድኩ።

ውሃው መንተክተክ ሲጀምር እማማ ፔርፔቱ በዱላቸው እየዳሰሱ መጡ።

"ልጄ፣ ገልብጠህ አየኸው?"

"እርስዎ ካዩት በኋላ ምን አስፈልጎኝ፣ እማማ?"

"አትዋሸኝ! ጣትህ ከዚህ ይሸተኛል። ስንት አወጣህ?"

"አንድ።"

"አንድ ብቻ?" ፊታቸው ተለዋወጠ። "እኔ እኮ የከተትኩት ሁለት ነው።"

ከዚያ በኋላ ማሰቤን እንጃ። ድስቱን በእርግጫ መታሁት። ኖኤሊ ጮኸች። የወቅቱ ለቀማችን ከነአመዱ ግቢው ላይ ተዘረገፈ። እግሬ ተለብልቧል፤ እኔ ግን ዶሮዎቹ እንዳይለቅሙት በባዶ እጄ አባርር ነበር።

እማማ ፔርፔቱ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቁ።

"አንድ ነው የከተትኩት" አሉ።

"እማማ! ታዲያ ምን አደረግንዎት?"

"ዓይኔ ሄዷል፣ ልጄ። ከእኔ በኋላ ማን እንደሚፈራላችሁ ማወቅ ነበረብኝ።"

ከሽርጣቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን የአምናውን ደረቅ ሺ እግር ፈትተው ለኖኤሊ ዘረጉላት። ስድቤ ምላሴ ላይ ነበር፤ እነዚያ ያረጁ እጆች ሲዘረጉ ሳይ ግን ዋጥኩት። ቢሆንም ቋጠሮውን ከኖኤሊ ቀድሜ ነጠቅኩና ተቀምጬ አንድ በአንድ መገልበጥ ጀመርኩ።

ቀና ስል እማማ ፔርፔቱ ደጃፌ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።