አክስቴ ዝማም ወርቅ የሆነች ዕለት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢወላገድ ይቅር በሉኝ። እኛ አገር ሰው ያለውን አይናገርም። ገበሬን «ስንት ከብት አለህ?» ብላችሁት ታውቃላችሁ? በረቱ እምቧ እያለ፣ እሱ «ኧረ ምን አለኝ፣ አንድ ሁለት ጥጃ» ይላል። ስስት አይደለም። ያለህን ያወቀ ሰው ምን እንደሚያስብ አታውቅም።

አክስቴ ዝማምም እንደዚሁ ናት። ዐረብ አገር ስትለፋ ኖራ ስትመለስ «ባዶ እጄን መጣሁ» ብላ አስወራች። የቀድሞ ባሏ ገሳይ፣ ጥርሷን ያወለቀው ሰውዬ፣ ገንዘብ ከሸተተው አይለቃትም። ቁጥሩን እንኳ ስልኳ ላይ «አታንሽው» ብላ ነው የመዘገበችው፣ ሲደውል እንዳትሳሳት።

ገንዘቧን በስልክ መቆጠብ አማራት። እኔ ደግሞ ዘንድሮ በእንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ እግሬ መሬት አይነካም። መተግበሪያውን ጫንሁላት። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ውሉ ከዳዊት ይረዝማል። ምን ይላል ስትለኝ፣ የተለመደ ነው ብዬ «እስማማለሁ»ን ተጫንሁት። መተግበሪያው ስልኳ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ልይ ሲለኝም፣ እይ አልሁት። እንግዳ ይከለከላል እንዴ?

ትናንት ከሰዓት ስልኳ ላይ ላለው ሰው ሁሉ መልእክት ሄደ፦ «ወይዘሮ ዝማም የወርቅ ደረጃ ቆጣቢያችን ሆነዋል፤ እርስዎስ?» ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ ከስልክ የወጣስ? መጀመሪያ የአጎቴ ሚስት ደውላ «አንች ድብቅ፣ ለካ ንግሥት ነሽ» ብላ ሳቀች። እኛም ልንስቅ ምንም አልቀረንም። ቀጥሎ «አታንሽው» ደወለ። አላነሳችም። መልእክት ላከ፦ «ወርቅ ሆንሽ አሉ። እሑድ እመጣለሁ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ።»

አክስቴ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሥነ ዜጋ መምህራችን ሮጥሁ። ሕግ የለም ወይ አልኋቸው። ሕግስ አይጠፋም፣ ግን ተስማምታችኋል ይሏችኋል አሉኝ። ተስማማን? እኛ ዘንድ እኮ አንድ ጥማድ መሬት ሲከራይ እንኳ ውሉ ሽማግሌ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ያልገባው ይጠይቃል፣ ጣት የሚያርፈው ከዚያ በኋላ ነው። ስልክ ሲሆን ጊዜ ባልተነበበ ውል የሰው ነፍስ ይሰጣል? ሕግ አውጪዎቻችን ሌላው ቢቀር ይህችን ከገበሬ ቢዋሱ ምን አለበት? የሰው ጉዳይ ለማን እንደሚነገር ባለቤቱ አንድ በአንድ፣ በሚገባው ቋንቋ ይጠየቅ። በእንግሊዝኛ አንደኛ ለወጣች ልጅ አይተውት።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ ያደረግሁት ወደ ቁጠባ ድርጅቱ ቢሮ መሄድ ነው፣ የአክስቴን ስም እንዲሰርዙልኝ። ዘበኛው በር ላይ አቆሙኝ። ስሜን፣ ስልኬን፣ ሰፈሬን፣ ከማን ጋር እንደምኖር ጠየቁኝ። ለምን አልኋቸው። «ለራስሽ ደኅንነት ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው።