ክቡር አቶ «ሌላ አለኝ»

ሰው በሞተ ቁጥር ከቀባሪው መሀል አንድ ሰው ብድግ ይላል። ዘመድ አይደለም፣ ጎረቤትም አይደለም፤ ከሟቹ ጋር አብሮ ሲሄድ ያየውም የለም። ድንኳኑ ሳይነቀል ግን «ለእኔ ያልነገረኝ ነገር አልነበረም» ማለት ይጀምራል። በሠልስቱ የቅርብ ጓደኛ ይሆናል፤ በአርባው ወንድም ይሆናል፤ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሟቹ ምን ይወድ እንደነበር ቤተሰቡ እንኳን እሱን ነው የሚጠይቀው። እንዲህ ያለ ሰው ያልተመደበለት ከተማ አላውቅም። ለአሶሳ የተመደቡላት ክቡር አቶ ደባልቄ ናቸው።

አንቱታው ለወግ ያህል ነው። እኩያዬ ስለሆነና ብዙ ስላናደደኝ ከዚህ በኋላ አንተ እለዋለሁ።

ደባልቄ ከፓዌ ነው የመጣው። በሰፈራው ራዲዮ ሲጠግን ኖሮ፣ መንግሥት ሲለወጥ መፍቻዎቹን በጆንያ ቋጥሮ አሶሳ ገባና ካሴት ቤት ከፈተ። ያኔ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። የቢሮው ሰሌዳ ቀለሙ ሳይደርቅ ይሰቀላል፤ ስሙ ሲለወጥ ደግሞ ይወርዳል። እኛ ከመሀል አገር ተመድበን የመጣን ሠራተኞች ወንበር እስኪደርሰን ድረስ ማንጎ ጥላ ሥር ቆመን ነበር የምንፈርመው። ለአዲስ ክልል ሁሉ ነገር አዲስ ያስፈልገዋል፤ ዘፋኝም ያስፈልገዋል። ዘፋኝ አንድ ነበረን፤ እሱም ሞተ።

ሀይደር ይባላል። የበርታ ልጅ ነው። ጊታር የተማረው ድንበሩ ላይ፣ ቁርሙክ፣ ከሱዳኖቹ ዘንድ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ግን የሱዳንን ዜማ ብቻ አልነበረም ይዞ የመጣው። ጊታሩን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኝቶ፣ ጉልበቱን እያንቀጠቀጠ ሲጮህበት ሽማግሌዎች ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ወጣቱ ግን «ሀይደር ሮክ» ብሎ ስም አወጣለት። በአማርኛም በዓረብኛም በበርታም ይዘፍናል። ጢሙ በቅጡ ሳይሞላ ሳንባው ታመመ፤ ክረምቱን ሙሉ እናቱ ቤት ተኝቶ ከርሞ መስከረም ሳይጠባ ሞተ። እናቱ እማማ ዘሀራ ገበያ ውስጥ የደረቀ ባምያ ይሸጣሉ። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

ሀይደር በሕይወት እያለ ያወጣው አንድ ካሴት ነው። ከሞተ በኋላ ግን ሥራ በዛበት።

ቁጥር ሁለት ከቀብሩ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። ደባልቄ «ያልተሰማ ሥራው፣ ለእኔ ብቻ የተወልኝ» እያለ በሱቁ በር ላይ በድምፅ ማጉያ ለቀቀው። ቁጥር ሦስት ከአንድ ሠርግ ላይ የተለቀመ ነበር፤ ከሀይደር ይልቅ እልልታው ይሰማል። በቁጥር አራት ጊታሩን ሲቃኝ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ደባልቄ ግን «መሣሪያ ብቻ» ብሎ ሸጠው። ሰው ሰልችቶት «አሁንስ አለቀ፣ አይደል?» ሲለው አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ቁልፍ እንደ ያዘ ዘበኛ ፈገግ ይልና «ሌላ አለኝ» ይላል። ስሙም ሌላ አለኝ ሆኖ ቀረ።

አንድ ያልታሰበ ችግር ነበር። ያኔ መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ከጄኔሬተር ነው፤ ጄኔሬተሩም ሲደክመው የደባልቄ ማሽን አብሮት ይደክማል። በደከመ ማሽን የተቀዳ፣ ከዚያም እንደገና የተገለበጠ ካሴት ድምፁን አንዴ ያቀጥነዋል፣ አንዴ ያወፍረዋል። ሀይደር ከሞተ በኋላ በየቁጥሩ ድምፁ እየወፈረ ሄደ። ይህንን ብጠይቀው ደባልቄ ዐይኑን ሳያሽ «በስሎ ነው» አለኝ።

ማሽኑ ሌላም አመል ነበረው። ሆዱ ላይ ያለው ማይክ አይዘጋም። ራዲዮ ጠጋኙ ደባልቄ የከተማውን ራዲዮ ሁሉ ሲያድን የራሱን ማሽን ጆሮ መድፈን አቃተው፤ ስለዚህ በየካሴቱ ላይ የሱቁ ወሬ አብሮ ይቀዳል። በቁጥር አምስት ላይ በሁለት ዘፈን መሀል ዶሮ ትጮሃለች፤ ቀጥሎ የደባልቄ ድምፅ ከሩቅ «ሌላ አለኝ» ሲል ይሰማል። እሱ ይህንንም አልደበቀውም። «እኔና ሀይደር አብረን ነው የሠራነው ብዬ አልነበር?» አለ።

ከዚያ ሳጥኑ መጣ። ከቀርቀሃ የተሠራ፣ ክዳን ያለው፣ ሁሉንም ቁጥሮች በተርታ የሚይዝ ሳጥን አዘዘ። ላዩ ላይ የቢሮዎቹን ሰሌዳ የሚጽፈው ምንይችል በቀይ ቀለም «ሀይደር ሮክ፣ ሙሉ ቅርስ» ብሎ ጻፈበት። አንዷ ቦታ ግን ባዶ ነበረች፤ ደባልቄ ለዋናው ናት ይላል፤ ዋናው ምን እንደሆነ ግን ለማንም አይነግርም።

ዋናው «ወሲያ» ሆነ።

አመጣጡ እንዲህ ነው። እማማ ዘሀራ የልጃቸውን ቴፕ፣ የታመመ ጊዜ ራስጌው የነበረውን፣ ተበላሽቶባቸው ደባልቄ ዘንድ አመጡት። ሲፈታው ሆዱ ውስጥ የተጠላለፈ ካሴት አገኘ። ቴፑን አድኖ መለሰላቸው፤ ካሴቱን ማንም ስላልጠየቀው አልመለሰም። በትዕግሥት ፈታትቶ፣ ቀጥሎና አስተካክሎ ሲያዳምጠው ሀይደር ነው። ጊታሩን በቀስታ እየነካካ፣ እየሳለ፣ በበርታ ቋንቋ ግማሹን እየተናገረ ግማሹን እያዜመ ነው። ደባልቄ በርታ አይሰማም። የሰማት ደጋግማ የምትመጣ አንዲት ቃል ናት፤ ወሲያ።

ደባልቄ ልጅቱን ወዲያው አወቃት። ወሲያ ቁርሙክ ያለች የነጋዴ ልጅ ሆነች። ረጅም ሆነች፣ ጠይም ሆነች፤ ሀይደር በእሷ ፍቅር ነው ያሳለው ተባለ። መልእክት ያመላልስ የነበረው ራሱ ደባልቄ ሆነ። ምንይችል በካሴቱ ሽፋን ላይ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ የፈሰሰ ቆንጆ ሣለ። ሳምንት ሳይሞላ ሻይ ቤቱ ሁሉ ወሲያ ወሲያ ይል ጀመር። የእኛ መሥሪያ ቤት እንኳ ለክልሉ በዓል ከሚቀርቡት ዜማዎች ውስጥ በፍቅር ዘፈን ተራ አስገባት።

በገበያ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ከእኔ ጋር የቢሮ ባልደረባዬ አጠይብ ነበር፤ የበርታ ልጅ ነው፣ ከወረዳ ሥራ ተመልሶ መግባቱ ነው፣ ካሴቱንም ገና አልሰማም። በመኪና ባትሪ የሚሠራው የሻይ ቤቱ ማጉያ ወሲያን ሲጀምር እኛ የደጋ ሰዎች በጣታችን ጠረጴዛውን መታ መታ እናደርግ ነበር። አጠይብ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዞር ስል በርታዎቹ ሁሉ አቀርቅረዋል፤ ምን እንደሚል እስከዚያ ቀን ከእኛ የጠየቃቸው አልነበረም። ከወዲያ፣ ባምያ ከሚሸጥበት መደዳ፣ እማማ ዘሀራ ሁለቱንም ጆሯቸውን በነጠላቸው ይዘው ቁጭ ብለዋል። ከእኛ ጠረጴዛ አንዱ «ወሲያን ድገማት» ብሎ ተጣራ።

አጠይብ ሄዶ ማጉያውን ዘጋውና ተመልሶ መጣ። «ወሲያ ሴት አይደለችም» አለን። «ኑዛዜ ማለት ነው።»

የተናዘዘውንም ነገረን። እናቱን ነው የሚያነጋግረው። «ያ ኡሚ፣» ይላል፣ እናቴ ሆይ፣ «ይኼ ወሲያዬ ነው። ስሞት ድምፄን አታስጫውቱ። ሰው በእኔ ድምፅ ሲጨፍር እኔ እዚያ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ጮኼ ጮኼ ደክሞኛል። ተዉኝና ልተኛ።» ደግሞ ያ ኡሚ ይላል፤ ደግሞ ወሲያ ይላል። ያዜመው ለመዝፈን ብሎ አይደለም፤ ሌላ አነጋገር ስለማያውቅ ነው።

ያን ቀን አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ተናደድኩ። አጠይብን ይዤ ደባልቄ ዘንድ ሄድኩ። መጀመሪያ አላመነም፤ «ለእኔ ሳይነግረኝ?» አለ። ቀጥሎ አርቲስት የሕዝብ ነው የሚለውን አመጣ። አጠይብ አልተከራከረውም፤ ካሴቱን ራሱ ከፍቶ ከቃል ቃል እየገታ በአማርኛ መለሰለት። ደባልቄ መፍቻውን በእጁ እንደያዘ እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ሲያልቅ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«እናትየው ሰምተዋል?»

«ገበያ መሀል» አለው አጠይብ።

በማግሥቱ ሱቁ ተዘግቶ አገኘሁት። ሸሽቶ ፓዌ ገባ ብለን አምተነው ነበር። እሱ ግን በጭነት መኪና ላይ ሆኖ ካሴት ሊሰበስብ ወጥቷል፤ ወሲያን ብቻ ሳይሆን ቁጥሮቹን ሁሉ። ሲሸጥ የነበረው ድርቅና ሲሰበስብም አልተለየውም። አንድ የሀይደር ካሴት ለሰጠው ከመደርደሪያው ሁለት ሌላ ይለውጣል፤ እምቢ ላለው በሩ ላይ ተቀምጦ ይለምናል። ባምባሲ ውስጥ ገረሱ የሚባል ልብስ ሰፊ «በሱ እኮ ነው የተዳርኩት» ብሎ ቢያስቸግረው፣ የሱቁን ትልቁን ራዲዮ ሰጥቶት ተቀበለው አሉ። ተለውጦ ተለውጦ መደርደሪያው ባዶውን ቀረ።

ካሴት ተሰብሮ ቢጣል ክሩን የሚቀጥል አይጠፋም። ስለዚህ አንድ በአንድ ይደመስሳቸው ነበር። መደምሰስ ማለት በላዩ ላይ ባዶ መቅዳት ነው። ማሽኑ ላይ ያደርጋቸዋል፣ የመቅጃውን ቁልፍ ይጫናል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያ አፉ የማያርፍ ሰው ማይኩ እንዳይሰማው ብሎ ያን ሁሉ ሰዓት ዝም ሲል ማየት ያስፈራ ነበር። እሱም እኔም ሁሉንም እንደማያገኛቸው እናውቃለን። ግልባጭ ግልባጭ ይወልዳል፤ ቁርሙክ ማዶ ማን ይሰበስባል?

ከተማው ግን ጸጥ አለ። ክልላችን ዘፋኝ አልባ ሆነ፤ ለበዓሉም ሌላ ዘፈን ተፈለገ። እውነቱን ለመናገር የሀይደር ድምፅ ናፈቀኝ፣ አሁንም ይናፍቀኛል። የናፈቀኝን ነገር መጠየቅ የማይገባኝ መሆኑ ደግሞ ያናድደኛል።

አንድ ዝናብ ያባራበት ከሰዓት በኋላ ከደባልቄ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ እማማ ዘሀራ ገቡ። ሁለታችንም ብድግ አልን። ባዶውን መደርደሪያ ቆመው አዩት።

«ሁሉ አጠፋህ ይላሉ» አሉት።

«አዎ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ሁሉ?»

ደባልቄ የቀርቀሃውን ሳጥን አየ።

«እኔ ዘፈን አልፈልግም» አሉ። «‹ያ ኡሚ› ያለበት፣ እሱ ብቻ። እኔ ገበያ ሰማሁ፣ ሰው መሀል። ጆሮ ያዝኩ። ልጄ ጠራኝ፣ እኔ ጆሮ ያዝኩ። አንድ ቀን ልስማ።»

ያን ጊዜ ነው ደባልቄ ያንን የታወቀ ቃሉን የተናገረው። እንደ ድሮው አልፈገገም።

«ሌላ አለኝ» አለ።

ከቀርቀሃው ሳጥን ውስጥ፣ ባዶ ከነበረችው ቦታ፣ ዋናውን አወጣ። መብራት ስላልነበረ ማሽኑ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ አስገብቶ ሱቁን ከውስጥ ዘጋ። ሀይደር ጀመረ። ወፍራም አልነበረም፣ ያልተገለበጠ ነዋ፤ የራሱ ቀጭን፣ የታመመ ድምፅ ነበር። ያ ኡሚ ባለ ቁጥር እማማ ዘሀራ በቋንቋቸው ይመልሱለታል። ምን እንደሚሉት አላወቅኩም፤ የሚያስተረጉም ነገር አልነበረም። ካሴቱ ሲያልቅ ዐይናቸውን ጠረጉ።

«በቃ። አሁን ወሲያው ፈጽም።»

ደባልቄ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መልሶ የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ። እማማ ዘሀራ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ ክሩ ሄዶ ሄዶ እስኪያልቅ አላቋረጡም። በልጃቸው ድምፅ ላይ የእናትየው ጸሎት እየተቀዳ እንደሆነ ያወቅነው እኔና ደባልቄ ነን። እሳቸው ስለ ማይኩ አያውቁም።

መደበቅ ይችል ነበር። የማውቀው ደባልቄ ይደብቅ ነበር።

«እማማ፣ የእርስዎ ድምፅ ገብቷል። እሱንም ላጥፋው?» አላቸው።

«የእኔ ተወው» አሉ። «እሱ ብቻውን ነው። አብሮ ይሁን። ሰው ግን አይስማ።» ደባልቄ ካሴቱን አውጥቶ ወደ ቀርቀሃው ሳጥን፣ ወደ ቦታው መለሰው።

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ የካሴት አሳታሚ መጥቶ ነበር። የሀይደርን ሥራዎች በሙሉ ሰብስቦ፣ ያልወጡትን ጨምሮ፣ በአንድ ሳጥን ሊያወጣቸው ይፈልጋል። ያናገሩት ሁሉ ወደ ደባልቄ ሱቅ ላኩት፤ እኔም ነበርኩ። ሰውየው የቀርቀሃውን ሳጥን ከነቀይ ጽሑፉ መደርደሪያው ላይ አየና ዐይኑ አልነቀል አለ። ስምህ በሽፋኑ ላይ ይጻፋል አለው፤ ፎቶህም ይወጣል፤ የቅርብ ጓደኛው ተብለህ። ደባልቄ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ቃል ይኸው መጣለት።

መጀመሪያ ላይ አንቱታው ለወግ ነው ብዬ ነበር። መልሼ ወስጄዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ከልቤ ነው። ክቡር አቶ ደባልቄ ሌላ ሳይኖራቸው ሌላ አለኝ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ሳጥኑን በክርናቸው ወደ ግድግዳው ገፋ አደረጉና መፍቻቸውን አነሡ።

«ሌላ የለኝም» አሉ።