ግፊቱን ያልተለካው ፀጉር አስተካካይ

በየቤተሰቡ አንድ የማይለካ ሰው አለ። ድፍን ሰፈር እጅጌውን ሰብስቦ የደም ግፊቱን ሲለካ እሱ «ደህና ነኝ» ይላል። ሲያስለው ደህና ነው፤ ሲያነክስም ደህና ነው። ደረጃ ወጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለከልክ «ምን ሆንክ?» ቢሉት፣ በእጁ «ቆይ» የሚል ምልክት ይሰጥና ትንፋሹ ሲመለስለት «ደህና ነኝ» ይላል። አልጋ ላይ ቢያገኙት እንኳ ጋደም ብሎ ነው እንጂ አልታመመም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ ካለ እጁን ያውጣ።

በአንዲት ነርስ ቤተሰብ ይህን ማዕረግ የያዘው ታላቅ ወንድሟ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባ። ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ክቡር ደህና ነኝ» ብሎታል። እሷ ደግሞ እዚያው ሰፈር ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። መንግሥት «ተለኩ፣ ተንቀሳቀሱ!» የሚል ዘመቻ ሲያውጅ የሰፈሩን ጎልማሳ ሁሉ የመለካቱ ሥራ በእሷ ላይ ወደቀ። የሰው ክንድ ስትይዝ እጇ አይንቀጠቀጥም። የወንድሟ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሳታል። ስልኳ ባልተለመደ ሰዓት ከጮኸ፣ ገና ሳታነሳው «ጋሼ ወደቀ» የሚል ድምፅ ይሰማታል። ስታነሳው የተሳሳተ ቁጥር ነው። ልቧ ግን እስኪመሽ ወደ ቦታው አይመለስም።

የሚገርመው፣ ዘመቻውን እንደ ክቡርነታቸው ያገዘ ሰው አልነበረም። የደንበኛውን ጺም ግማሹን ይላጭና ምላጩን አየር ላይ አቁሞ «ተለክተሃል?» ይላል።

«ኧረ እኔ አልተለካሁም።»

«እንግዲያውስ የመለኪያው ድንኳን ማዶ ነው። ተለክተህ ና፤ ሌላውን ጉንጭህን ያኔ እናየዋለን።»

ሰውየው አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ ሄዶ ይሰለፋል። እንዲህ ተልከው የመጡት ሲበዙ የዘመቻው አስተባባሪ ሊያመሰግነው ፀጉር ቤቱ ድረስ መጣ። አመስግኖ ሲጨርስ «እርስዎስ ተለክተዋል?» አለው። ክቡርነታቸው የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረጉ።

እሁድ ጠዋት መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ሰፈርተኛው በጅምላ ስፖርት ሲሠራም እሱ አይቀርም። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ይቆምና «ጉልበት ከፍ! ባለ ዳቦ ቤቷ፣ እጅዎን አይሰስቱ እንጂ!» እያለ ያዛል። የእሱ ጉልበት ከፍ ሲል ያየ የለም። ሲጠይቁት «አሠልጣኝ ከሠልጣኝ ጋር ይዘላል እንዴ?» ይላል።

ነርሷ ነገሩ ከየት እንደመጣ ታውቃለች። አባታቸውም ፀጉር አስተካካይ ነበሩ፤ እዚያው ቤት፣ እዚያው መስታወት ፊት። አንድ ቀን ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ልባቸው እንደደከመ ተነገራቸው፤ በሳምንቱ ሞቱ። እንደ እሷ ከሆነ ልባቸው የደከመው ከዓመታት በፊት ነው፤ የሄዱት ዘግይተው ነው። እንደ ወንድሟ ከሆነ ግን የገደላቸው መነገሩ ነው። «ሳይነግሯቸው እኮ ደህና ነበሩ» ይላል። ይህን ሲል አይቀልድም።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ድንኳኑ ስታልፍ በመስኮቱ አየችው። መቀሱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ደንበኛው አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። እየሮጠች ስትገባ ብድግ አለ።

«ደህና ነኝ! እግሬን ላሳርፍ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሥራ አልተያዘላትም። የሰው ግፊት ለክታ ቁጥሩ ይጠፋባታል፤ ይቅርታ ጠይቃ ትደግማለች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ መለኪያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወንድሟ ዘንድ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ክንድህን ሳትሰጠኝ አልወጣም።»

«ደንበኛ አለብኝ።»

«የታለ?»

«ይመጣላ!»

«ጋሼ፣ በናትህ። አንተን ሳስብ እኔ ልሞት ነው።»

ሊቀልድ አፉን ከፈተና ዓይኗን ሲያይ ተወው። መቀሱን አስቀመጠ።

«እሺ። ግን አንቺ ቅደሚ።»

«እኔ?»

«አዎ፣ ሚጡ። ሰዉን ሁሉ ስትለኪ አንቺን ማን ለካሽ?»

ሳቀች። ከዚያ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል፤ ድካም ነው ብላ አልፋዋለች። መለኪያውን ክንዷ ላይ አሠረችና ቁልፉን እሱ እንዲጫን አሳየችው። መሣሪያው አጉረመረመ፣ ጨመቀ፣ ተነፈሰ። ወንድሟ ቁጥሩ አይገባውም፤ የእህቱ ፊት ግን ይገባዋል።

«ምን ይላል?»

«ባትሪው ደክሟል መሰለኝ።»

«ድገሚው።»

ደገመችው። ቁጥሩ ብሶ ቁጭ አለ።

«ደረጃ ወጥቼ ስለመጣሁ ነው» አለች።

«እዚህ ቤት ምን ደረጃ አለ?»

«ደህና ነኝ፣ ጋሼ።»

ቃሉ ከእሷ አፍ ሲወጣ ሁለቱም ደነገጡ። እሱ በሩን ዘጋ፣ ክንዷን ያዘና ሽርጡን እንደለበሰ፣ ፎጣው ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰዳት። ሌላ ጊዜ በሽተኛ የምታስቀምጥበት አግዳሚ ላይ ራሷ ተቀመጠች።

ሐኪሟ መርምራት ስታበቃ «መድኃኒት ትጀምሪያለሽ። ጨው ትቀንሻለሽ። በየቀኑ በእግርሽ ትሄጃለሽ» አለቻት። ይህ ነርሷ በየቀኑ ለሰው በቃሏ የምትወርደው ነው። አሁን ግን ሰምታው እንደማታውቅ ሆና ታዳምጣለች።

«አይዞሽ፣ በጊዜ መታወቁ ነው ደጉ» አለች ሐኪሟ።

ወንድሟ ከበሩ አጠገብ «መታወቁ ነው ያሉት?» አለ።

«አዎ። ሳይታወቅ ቢቆይ ነበር የሚያስፈራው።»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እጅጌውን ሰበሰበ፤ መርፌ እንደሚወጋ ሕፃን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ክንዱን ዘረጋ።

ሐኪሟ ለካችው። «ግፊትዎ ደህና ነው። ሆድዎን ብቻ ቀነስ ያድርጉ፤ ቀኑን ሙሉ ተሸክመውት መቆም ነው የሚያደክምዎ» አለችው።

ያ ግዙፍ ሰው ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ፊቱን ሸፈነበት። አባቱ ከሞቱ ጀምሮ የተሸከመው ፍርሃት ሁሉ በአንዴ ወረደ መሰለኝ፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፤ እሷም ታለቅስ ነበር።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ዳገቱን አብረው ይወጣሉ። እሷን ስጋቱ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ እንዲያውም ለሁለት ሰው ሆኗል። እሱ መንገዱን ሁሉ ያወራል፣ ያዛል፣ በቀስታ የሚሄዱትን ይገሥጻል። ዳገቱ መሃል ሲደርሱና የእሷ ትንፋሽ ማጠር ሲጀምር «ቆይ ሚጡ፣ የጫማዬ ክር ተፈታ» ይልና ቁጢጥ ይላል። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ አይነሳም። እሷም ቆማ ቁልቁል መንገዱን እያየች ትጠብቀዋለች። ጫማው ክር እንደሌለው እስከ ዛሬ አልነገረችውም።